ጅማ ላይ ያገለገለች ቪትዝ ልገዛ ነው፤ ምን ምኗን ልይ?

የኪቶው መምህር፦

ሰላም ቤተሰብ። መኪና ልገዛ ነው፣ የመጀመሪያዬ ናት፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቹብኝ። ያየኋት ቶዮታ ቪትዝ ናት። በፈረንጅ 2007 ሞዴል፣ 1.0 ሞተር፣ ባለ 3 ሲሊንደር፣ ኦቶማቲክ። ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ሠርታ አሁን ጅማ ነው ያለችው። ኪሎሜትሯ 118 ሺህ ይላል። ቀለሟ ያምራል፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው፣ ደላላው ደግሞ «ቪትዝ አትሞትም፣ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይለኛል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ መግዛት አልችልም። እኔና ሚስቴ ስድስት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ መርካቶ። በወር ሁለት ጊዜ እናቴን ለመጠየቅ አጋሮ እሄዳለሁ። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ቤተሰብ ይዤ አዲስ አበባ መሄዴ አይቀርም። የጊቤን ዳገት ታውቁታላችሁ። ያቺ ትንሽ ሞተር አራት ሰውና ሻንጣ ይዛ ትወጣዋለች ወይ? ሌላው ያሳሰበኝ ነገር፣ ማርሿ ዲ (የመሄጃው) ላይ ሆና ፍሬን ስይዛት ትንቀጠቀጣለች። ሻጩ «የባለ ሦስት ጠባይ ነው» አለኝ። እውነት ነው? በተደጋጋሚ የሚበላሸው ምኗ ነው? የነዳችሁም የጠገናችሁም ንገሩኝ።

የአጂፕ መካኒክ፦

መምህር፣ ሳትገዛ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ከገዛ በኋላ ነው። ቪትዝ ስጠግን 14 ዓመት ሆነኝ። መጥፎ መኪና አይደለችም። ችግሩ ሰው አትሞትም ሲባል ዘይት መቀየር ይተዋል፣ ውኃ ማየት ይተዋል፣ እስክትቆም ድረስ ይነዳታል። ስለዚህ ስለ ቪትዝ በጠቅላላው የሚወራውን ተወውና ይህችኛዋ እንዴት እንደተያዘች ፈልግ።

ስለ መንቀጥቀጧ ሻጩ ግማሹን ነው የነገረህ። ይህ ሞተር 1ኬአር የሚባለው ነው፣ 996 ሲሲ፣ እና አዎ፣ ባለ 3 ስለሆነ በተፈጥሮው ይርገበገባል። ግን በትንሹ ነው። የጎን መስታወቱ እስኪደበዝዝ ከተንቀጠቀጠ፣ መሪው እጅህ ላይ ከነዘረ፣ ሌላ ነገር አለ። ኤን (ነጻ ማርሽ) ላይ አድርጋትና ስማት። መንቀጥቀጡ በጣም ከቀነሰ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ተበልቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ኤን ላይም ያው ከሆነ፣ ማርሚታው ጋ ቆመህ ስታዳምጥ ድምፁ እኩል እኩል ካልወጣ፣ ካንዴላና ቦቢና (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡትን) አስፈትሽ። በዚህች ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና አለው። ባለ አራት ሞተር ላይ አንዱ ሲተኛ ሩብ ጉልበት ነው የሚጠፋው፣ እዚህ ላይ ግን ሲሶው ይጠፋል። ዳገት ላይ ወዲያው ታውቀዋለህ።

ዋናው ነገር ግን ሞተሯን ቀዝቅዛ ማየት ነው። ለሻጩ «ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፣ እስክመጣ እንዳታስነሳት» በለው። ስትደርስ ኮፈኗን በእጅህ ዳስስ። ሞቅ ካለ ቀድሞ አስነስቷታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ከዚያ አስነሳና ጆሮህን ስጥ። ይህች ሞተር ታይሚንጓ (የቫልቮቹን ሰዓት የሚጠብቀው) በካቴና፣ ማለትም በብረት ሰንሰለት ነው እንጂ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ አይደለም፣ ስለዚህ በየጊዜው ቀይሩኝ አትልም፣ ግን ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረ ካቴናው ይለጠጣል። ስትነሳ ለሁለት ሦስት ሰከንድ እንደ ሰንሰለት ከተንኳኳች የዘይት ታሪኳ ጥሩ አይደለም። ከኋላ ሰማያዊ ጢስ ካየህ ደግሞ ዘይት ትበላለች፣ የፒስተን ፋሻው ደክሟል ማለት ነው። ዘይት መብላት ለዚህች ሞተር ከባድ ነው፣ ምክንያቱም በጠቅላላ የምትይዘው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው የለም። እና አንድ ነገር ልብ በል፣ ቀዩ የዘይት መብራት የሚበራው ዘይት ሲጎድል ሳይሆን ግፊቱ ሲጠፋ ነው፣ እሱ እስኪበራ የጠበቀ ሰው ሞተር ያወርዳል። ከገዛሃት በየ5 ሺህ ኪሎሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር፣ በየሳምንቱ ደግሞ ዘንጓን መዘህ እይ።

ቀጥሎ ውኃ። ቀዝቅዛ ሳለች የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ሞቃት ላይ እንዳትነካው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ውስጡ እንደ ጭቃ ቡናማ ከሆነ ኩላንት አይታ አታውቅም፣ የቧንቧ ውኃ ስትጠጣ ነው የኖረችው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳት። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፣ ችግር የለውም፣ የታፈነ አየር ነው። አረፋው አላቆም ካለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል፣ ክዳኑን ዝጋና አመስግነህ ሂድ። ከዚያ የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው የውጩ ቺንጋ ያለበትን ጎን በባትሪ መብራት እይ። የውኃ ፓምፑ አካባቢ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ ፓምፑ ያፈሳል። ይኸው ሞተር ቶዮታ አይጎ፣ ፔጆ 107 እና ሲትሮይን ሲ1 ላይም አለ፣ እዚያም የውኃ ፓምፕ ማፍሰስ የታወቀ በሽታው ነው።

ጊቤን ትወጣለች። ቀስ ብላ ትወጣለች። ጅማ ራሷ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። እሷ ደግሞ መጀመሪያውኑ 70 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ናት። አታጣድፋት።

የሁለት ልጆች እናት፦

ጋሼ መካኒኩ ያሉትን ሁሉ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ልጨምርበት። የኔም ቪትዝ ያው ሞዴል ናት። መምህር፣ አንድ ነገር አስተውለሃል? ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ የላትም። ቀዝቃዛ ስትሆን ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ከመጠን በላይ ስትሞቅ ቀይ መብራት ይበራል፣ በመካከል ምንም የለም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ለዘመን መለወጫ አዲስ አበባ ከርመን ስንመለስ ነው። ወልቂጤን አልፈን ቁልቁለቱን ወርደን የጊቤን ድልድይ ተሻገርን፣ ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነው፣ ልጆቹ ስለተጨነቁ ኤሲ ከፍቼ ነበር፣ ከዚያ ወደ አበልቲ የሚወስደውን ዳገት ስይዝ ከፊቴ የጭነት መኪና አለ፣ ማለፍ አልቻልኩም፣ በመጀመሪያ ማርሽ እየተሳብኩ እያለ ቀዩ መብራት በራ። መቆሚያ እስካገኝ ትንሽ ልግፋ አልኩ። የገፋሁት 3 ኪሎሜትር አይሞላም። ከኮፈኑ እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ልጆቹ አለቀሱ። እስክንጎተት አራት ሰዓት መንገድ ዳር ቆየን። ቴስታታው ተጣሞ ነበር፣ ወርዶ ተስተካከለ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ያወጣሁት ገንዘብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ግፊት አይዝም ነበር። እዚህ ከፍታችን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ነው ውኃው ሳይፈላ የሚቆየው። በክዳን ምክንያት ነው ያ ሁሉ። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሰርቪስ አስደርጌ ነበር እኮ፣ ክዳኑን ግን ማንም አላየውም፣ ተራ ውኃ ጨምረው ሸኙኝ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። በየሁለት ዓመቱ ኩላንት አስቀይራለሁ። ዳገቱ ሳይጀምር ኤሲ እዘጋለሁ። ስጋት ከገባኝ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቼ መስኮት እከፍታለሁ፤ እኛ እንለበልባለን እንጂ ሞተሩ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ቀዩ ከበራ ግን አንድ ሜትር አልገፋም፣ እዚያው ዳር ይዤ አጠፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆነችም። እና መኪናዋን እወዳታለሁ፣ ዛሬም ብሆን እገዛታለሁ።

ከባጃጅ ወደ ቪትዝ፦

ወንድሜ ለሙቀት መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አስወጥተህ ጣለው። የኔ ሁለት ዓመት ያለ ቴርሞስታት ስትሄድ አንድ ቀን አልሞቀችም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እኔ የማስጠነቅቅህ ስለ ቤንዚን ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንዳትቀዳ። በባጃጅ ጊዜ እንቀዳ ነበር፣ ባጃጅ ይችለዋል፣ ይህች ግን አትችልም። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ሦስት ሃይላንድ ቀዳሁ። ውኃ ነበረበት። ጅሬን ዳገት ላይ እየተንተፋተፈች ቆመች፣ ታንኩ ወርዶ ታጠበ፣ ፓምፑ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ተደፍኖ ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ጠብታ ላይ አድርሰህ አትንዳ፣ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው እኮ ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን ራሱ ነው።

የአጂፕ መካኒክ፦

ልጄ፣ የቤንዚኑ ምክርህ ትክክል ነው። የቴርሞስታቱን ግን አልስማማም፣ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒዩተሩ «ገና ቀዝቃዛ ናት» እያለ ቤንዚን ይጨምርላታል። ፍጆታህ ይወጣል፣ ካንዴላህ ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በክረምት እዚህ ጭጋጉና ዝናቡ ሲበረታ፣ ከቤትህ መርካቶ ደርሰህ እስክትመለስ ሞተርህ ሙቀቱን አያገኝም። መኪና የሚሞቀው ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ፋኑ ሳይዞር፣ ክዳኑ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ ነው። ቴርሞስታቱም ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አዲስ ይገባል። አውጥቶ መጣል ግን በሽታውን ሸፍኖ ማቆየት ነው። መምህር፣ ያቺን መኪና ስታይ ሰማያዊው መብራት በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ቁጠር። እየነዳሃት ሩብ ሰዓት ሞልቶ ካልጠፋ ቴርሞስታቷ ወጥቷል፣ ከወጣ ደግሞ «ለምን ወጣ?» ብለህ ጠይቅ። አንድ ጊዜ ስለሞቀች ነው የሚወጣው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። ቪትዝ ከጃፓን የመጣች ከሆነች ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነው የነበረው። እዚህ የምናያቸው ወደ ግራ የተዛወሩ ናቸው። በጥንቃቄ የተሠራ አለ፣ በችኮላ የተሠራም አለ። ጎንበስ ብለህ ከመሪው ሥር እይ። ገመዶቹ በደንብ ታስረው ከተሸፈኑ ጥሩ ነው፣ በፕላስተር ተጠቅልለው ከተንጠለጠሉ ወደፊት ብዙ እንተያያለን። ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ያዝ፤ ፔዳሉ ወደ ጎን መወዛወዝ ወይም ቀስ እያለ መስመጥ የለበትም። መሪዋ የኤሌክትሪክ ነው፣ ስለዚህ ቆመህ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረው፣ በአንድ ወገን ከከበደ ወይም የመሪው መብራት ከበራ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት በኮምፒዩተር አስነብበው።

ቁልፉን ስታዞር፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ መብራቶቹን ቁጠር። ቼክ ኢንጂን መብራት አለበት፣ ኤርባግም መብራት አለበት፣ ከዚያ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሏል ወይም ሸፍኖታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ማስነበቢያ ያለው ሰው ይዘህ ብትሄድ ይሻላል፣ ግን «ምንም ኮድ የለም» ቢባልም ወዲያው አትመን፣ ከመድረስህ በፊት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ከ40 እስከ 50 ኪሎሜትር ነድተህ ድጋሚ አስነብብ።

ኤርባግን በተመለከተ፣ የታካታ ኤርባግ ጥሪ (ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ያለባቸው መኪኖች እንዲታዩ የወጣው ጥሪ) ከዚህ ዘመን ያሪስና ቪትዝን ይነካል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ብዙ ዓመት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፣ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል፣ በዓለም ላይ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ጅማ ደግሞ እርጥበቷን ታውቃላችሁ። የሻሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ድረ ገጽ ላይ አስፈልጉ፣ ጥሪው ውስጥ ካለች ሳይዘገይ መታየት አለባት።

የዝናቡን ነገርም አትርሳ። ከመስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ ያሉበት ቦታ፣ ቅጠል ሲሞላው ውኃው መውረጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይገባል። ምንጣፉን ገልጠህ በእጅህ ንካ። ትርፍ ጎማው ያለበትን ጉድጓድም ክፈት። የሻገተ ሽታ ካለ ሽቶ ያለበሰውን ሰው አትመን።

የአጂፕ መካኒክ፦

በቃ እሱ ከተናገረ እኔ ስለ እግሯ ብቻ ልበል። ቪትዝ ዝቅ ያለች ናት። ኮብልስቶኑም ጉድጓዱም የፊት እግሯን ይበላታል፣ ቴስቲናና የክንዶቹ ጎሚኒ (መገጣጠሚያዎቹና ላስቲኮቹ) ቶሎ ያልቃሉ። እነሱ አያስፈሩህም፣ ይቀየራሉ፣ ዋጋ ላይ ቀንስባቸው እንጂ አትሽሽ። ከ60 በላይ ስትነዳ ከጎማ በኩል እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ነው። ሥሯ ገብተህ የዘይት መያዣው ተመትቶ እንደሆነ እይ፣ የአጋሮ ጎዳና ላይ ሳይሆን ወደ ገጠር ስትገባ ነው የሚመቱት።

ካምቢዮው (ማርሹን የሚቀያይረው ክፍል) ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከቪትዝ ተራ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ያላቸው አሉ፣ ሲቪቲ (የተለየ ማርሽ የሌለው ኦቶማቲክ) ያላቸውም አሉ። ዘይታቸው አንድ አይደለም። ሲቪቲ ውስጥ የተራውን ኦቶማቲክ ዘይት የጨመረ ሰው ካምቢዮውን ይጨርሳል፣ እኔ ጋ እንዲህ ሆነው የመጡ አሉ። የትኛው እንዳላት መጀመሪያ እወቅ። ቀዝቅዛ ሳለች ከፒ (መቆሚያ) ወደ አር (የኋላ ማርሽ)፣ ከአር ወደ ዲ አድርግ። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከዘገየች ወይም በኃይል ከመታች፣ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልሄደች፣ ተዋት። የካምቢዮ ነገር ጅማ ላይ አያልቅም፣ አዲስ አበባ ያስኬድሃል።

የኪቶው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ጠዋት ሄድኩ። 12 ሰዓት ተኩል ብዬ፣ 12 ሰዓት ከሩብ ደረስኩ፣ ኮፈኗ ሞቃት ነበር። ሻጩ «እንዳትቸገር ብዬ ነው ያሞቅኳት» አለኝ። ዛሬ ተመለስኩ። ዛሬ ቀዝቅዛ ነበረች። ካቴናው ድምፅ የለውም፣ ጢስም የለም፣ ደስ አለኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ውኃው እንደ ጠጅ ቡናማ ነው። ፓምፑ ጋ ጋሼ ያሉት ነጭ ቅርፊት አለ። ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁና በስልኬ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። 10 ደቂቃ አረፋው አላቆመም። ከዚያ በምን ልብ እንደነዳኋት አላውቅም፣ እስከ ቦሳ ደርሼ ስመለስ ሰማያዊው መብራት አሁንም እንደበራ ነበር።

ገንዘቡን ይዤ ተመለስኩ። ሚስቴ በጣም ነው ያዘነችው፣ ልጆቹ ቀለሟን መርጠው ጨርሰው ነበር።

ኮቺ አካባቢ ሌላ አለች። 2004 ሞዴል፣ 1.3፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቀለሟ ደብዝዟል፣ አንድ ባለቤት ብቻ ነው የያዛት፣ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞቹን በፌስታል አስቀምጦ ያሳየኛል። ኪሎሜትሯ ግን 210 ሺህ ነው። ብዙ አይደለም?

የአጂፕ መካኒክ፦

መምህር፣ ደረሰኝ ያላት 210 ሺህ፣ ደረሰኝ ከሌላት 118 ሺህ ትሻለኛለች። ኪሎሜትር ይመለሳል፣ የፔዳል ላስቲክ ግን አይመለስም፣ የዚያችን መኪና ፔዳል አይተኸው ቢሆን ጥሩ ነበር። 2004ዋ ሙቀት ጌጅ ካላት እሱም አንድ ጥቅም ነው። ኤንዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ከሆነች ከኋላ የዘይት ጢስ መኖሩን ብቻ ልብ በል፣ ካረጀች ዘይት መብላት ትወዳለች። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጥ፣ እገዳ መኖር አለመኖሩን መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ፣ ከዚያ ነው ውል።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ይዘሃት ና፣ ወይም እኔ ኮቺ እመጣለሁ። ማንም እንዳያስነሳት ብቻ ንገረው።